ማኔጅድ ስዊቹ ተራ ስዊች ሆኖ እንዳይቀር፦ የውስጥ ኔትወርክ ማስተካከያ መመሪያ ከደሴ

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ይሁን ሐይቅ፣ ወረፋ ይዞ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁላችንም ወዲያው የምንወቅሰው ከውጭ የሚገባውን ኢንተርኔት ነው። እኔ ግን በየቢሮው ኬብል ስዘረጋና ስጠግን ደጋግሜ ያየሁት፣ ችግሩ እዚያው ሕንጻ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳለ ለኢንተርኔት ተጨማሪ ገንዘብ ሲከፈል ነው። ካቢኔው ሲከፈት ማኔጅድ ስዊች፣ ማለትም የሕንጻውን ኮምፒውተሮች በኬብል የሚያገናኝና ውስጡ ተገብቶ የሚስተካከል ሳጥን፣ ተሰክቶ ይገኛል። ሲገዛ ከተራው ስዊች በላይ ዋጋ ወጥቶበታል፤ ከካርቶኑ ወጥቶ ሶኬት ላይ ከዋለ ወዲህ ግን ማንም ገብቶበት አያውቅም። የተከፈለበት ሥራ ሁሉ ውስጡ ተኝቷል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያንን ስዊች ለሚያስተዳድር ሰው ነው፤ የትምህርት ቤት የአይሲቲ ባለሙያም ሊሆን ይችላል፣ የሆቴል ቴክኒሻንም፣ ወይም «አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ» ተብሎ ኃላፊነቱ የተጣለበት የሂሳብ ሠራተኛ። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጨረሻ ላይ ያለውን መጀመሪያ ያደረገ ሰው ኬብሉ ተበጥሶ ሳለ ሜኑ ሲቀያይር ይውላል።

መጀመሪያ ለኩ

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ኔትወርኩ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ከሰርቨሩ ወደ አንድ ኮምፒውተር 1 ጊጋባይት የሚሆን ፋይል ቅዱና ዊንዶውስ የሚያሳየውን ፍጥነት ተመልከቱ። በሰከንድ 110 ሜጋባይት አካባቢ ከሄደ የጊጋቢት መስመሩ በሙሉ አቅሙ እየሠራ ነው፤ ፋይሉ በ9 ሰከንድ ግድም ያልቃል። 11 ሜጋባይት ላይ ቆሞ አልነቃነቅ ካለ ግን መስመሩ ወደ 100 ሜጋቢት ወርዷል፤ ያው ፋይል አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። በመካከል 50 ወይም 60 የሚያሳይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ሳይሆን የአሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው።

ይህን ከየፎቁ ቢያንስ ከአንድ ኮምፒውተር ሞክሩ። ጠዋት ሠራተኛ ሁሉ በገባበት ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ማታ ሕንጻው ባዶ ሲሆን አንድ ጊዜ ለኩ። ማታ ፈጣን ሆኖ ጠዋት የሚንቀራፈፍ ከሆነ መጨናነቅ አለ ማለት ነው። ማታም ጠዋትም እኩል የሚንቀራፈፍ ከሆነ ኬብሉን ጠርጥሩ።

ስዊቹ ውስጥ መግባት

ላፕቶፓችሁን በኬብል ከስዊቹ ጋር አገናኙ፤ ዋይፋዩን አጥፉ። አዲስ ስዊች ከፋብሪካ የሚመጣበት አድራሻ እንደ ሠሪው ይለያያል፦ ቲፒ-ሊንክ ብዙ ጊዜ 192.168.0.1፣ ዲ-ሊንክ 10.90.90.90፣ ማይክሮቲክ 192.168.88.1 ነው። ላፕቶፑ በዚያው ረድፍ ውስጥ እንዲሆን አድራሻውን በእጅ ስጡት፤ ለምሳሌ ስዊቹ 192.168.0.1 ከሆነ ላፕቶፑን 192.168.0.50 አድርጉት። ከዚያ በብራውዘር ግቡ። የቀድሞው ሠራተኛ ፓስወርዱን ይዞት ሄዶ ከሆነ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ከመመለስ በስተቀር ብዙም ምርጫ የለም፤ ይህንን ሰው በሌለበት ሰዓት አድርጉት።

እንደገባችሁ ሦስት ነገር ሥሩ። ፓስወርዱን ቀይሩ። ያለውን ኮንፊገሬሽን በፋይል አውጥታችሁ በፍላሽ አስቀምጡ። ሰዓቱን አስተካክሉ፣ የጊዜ ክልሉንም ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት የሚቀድመው (UTC+3) ላይ አድርጉ። ስዊቹ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ መዝገቡ (ሎግ) ላይ 08:14 ብሎ የጻፈው በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ14 ነው። ይህን ለባልደረቦቻችሁም ንገሩ። «ችግሩ 2 ሰዓት ላይ ነው የጀመረው» ተብሎ መዝገቡ ላይ 02:00 ሲፈለግ የባከነ ቀን አውቃለሁ።

አሁን ስለ «ሴቭ»። በብዙ ማኔጅድ ስዊቾች ላይ «አፕላይ» የምትሉት ለውጥ ወዲያው ይሠራል እንጂ በቋሚነት አይቀመጥም፤ ለብቻው ሴቭ ካልተደረገ መብራት ሄዶ ሲመጣ ስዊቹ ወደ ድሮው ይመለሳል። መብራት በሚመላለስበት አገር ይህ የአንድ ቀን ልፋት በአንድ ሰከንድ የሚያጠፋ ነገር ነው። ግን ደግሞ ጥቅምም አለው፦ ተሳስታችሁ ራሳችሁን ከስዊቹ ውጭ ከቆለፋችሁ፣ ሴቭ እስካላደረጋችሁ ድረስ ነቅሎ መሰካት ያድናችኋል። ስለዚህ ደንቤ ይህ ነው፦ አንድ ለውጥ አድርግ፣ ሞክር፣ ከሠራ ሴቭ አድርግ፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው። አንዳንድ ርካሽ ሞዴል ግን በአፕላይ ብቻ ስለሚያስቀምጥ የራሳችሁን አስቀድማችሁ ፈትሹ።

ፖርቶቹን አንድ በአንድ መመርመር

ስዊቹ ስለ እያንዳንዱ ፖርት (የኬብል መሰኪያ ቀዳዳ) ሁለት ነገር ይነግራችኋል፦ በምን ፍጥነት እንደተገናኘ፣ ምን ያህል የተበላሸ ፍሬም (የዳታ ጥቅል) እንደተቀበለ። የፖርት ሁኔታ የሚለውን ገጽ ክፈቱና 1000 መሆን ሲገባው 100 የሚለውን ሁሉ መዝግቡ።

ኬብሉ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች በአራት ጥንድ ተጠምዝዘው አሉ። ለ100 ሜጋቢት ከነዚህ 4ቱ ይበቃሉ፤ ለጊጋቢት ግን 8ቱም መድረስ አለባቸው። ሰማያዊው ወይም ቡናማው ጥንድ አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ መስመሩ አይሞትም፤ ብዙውን ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ወደ 100 ይወርዳል። ኢሜይል ይከፈታል፣ ፒንግ ይመልሳል፣ ማንም አያማርርም። አንዴ የፈታሁት ጃክ ጫፉ ላይ ቡናማው ሽቦ ከመዳብ ጥርሱ ሥር ሳይደርስ በአንድ ሚሊሜትር ቀርቶ ነበር፤ በጣት ገፋ ሲደረግ ፖርቱ 1000 ይላል፣ ሲለቀቅ 100። ጫፉን ቆርጬ በአዲስ ጃክ መታሁት፣ አለቀ። ሰዎቹ ከዚያ በፊት ኮምፒውተሩን ሁለት ጊዜ ፎርማት አድርገውታል።

ኬብል ስትገዙም ተጠንቀቁ። ገበያ ላይ ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም በመዳብ ስም ይሸጣል። አንዱን ሽቦ በቢላ ፋቅ አድርጉት፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ አትግዙት። ቶሎ ይሰበራል፣ ርቀት ሲበዛ ይደክማል። ትክክለኛው መዳብም ቢሆን ከስዊች እስከ ኮምፒውተር 100 ሜትር ነው ወሰኑ።

ስህተት ቆጣሪውን ደግሞ ወደ ዜሮ መልሱትና በማግስቱ ተመልከቱት። ሲአርሲ የሚለው የተበላሹ ፍሬሞች ቁጥር ከቀን ወደ ቀን የሚጨምርበት ፖርት የኬብል፣ የጃክ ወይም ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ተጣብቆ የመሄድ ችግር አለበት። ሌላው ምክንያት አንድ ሰው «ይፈጥናል» ብሎ በአንድ ወገን ፍጥነቱን በእጅ መቆለፉ ነው። አንዱ ወገን በእጅ ሙሉ ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ መላክም መቀበልም) ተብሎ ሌላው አውቶ ላይ ከቀረ፣ አውቶ ያለው ወደ ግማሽ ዱፕሌክስ (በየተራ ብቻ) ይወርድና ሁለቱ ሲጋጩ ይውላሉ። ሁለቱንም ወገን አውቶ ላይ ተዉት።

ሉፕን መከላከል

አንድ የነሐሴ ጠዋት ደሴ ውስጥ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተጠራሁ። ደጅ ላይ ሰው ተሰልፏል፣ ሕንጻው ውስጥ አንድም ኮምፒውተር ከሰርቨር ጋር አይነጋገርም። ካቢኔውን ስከፍት የስዊቹ መብራቶች በሙሉ እኩል ያበራሉ፣ እኩል ይጠፋሉ። ጤነኛ ስዊች ላይ እያንዳንዱ ፖርት በየራሱ ነው የሚብለጨለጨው። ሁሉም በአንድ ምት ሲመቱ ያየ ሰው ሉፕ፣ ማለትም ኬብል ዞሮ ራሱ ላይ የተመለሰበት ቀለበት፣ እንዳለ ይወቅ። ኬብል አንድ በአንድ እየነቀልኩ ፎቅ ለፎቅ ስመላለስ የዘበኛው ጋሼ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ትላንት ማታ እኮ ሁለተኛ ፎቅ ጠረጴዛ ሲያዘዋውሩ ነበር።»

«ጋሼ፣ የትኛው ክፍል?»

«አብሽር፣ ና ላሳይህ።»

ከጠረጴዛ ሥር ባለ 5 ፖርት ተራ ስዊች አለ። መሬት ላይ የተንጠለጠለ ኬብል ያገኘ ደግ ሰው ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ሰክቶታል፤ የኬብሉ ሌላኛው ጫፍም የተሰካው እዚያው ስዊች ላይ ነበር። ለሁሉም የተላከ አንድ መልእክት በዚያ ቀለበት ውስጥ ሲዞር፣ ሲባዛ፣ ሕንጻውን ሁሉ አጥለቀለቀው። ምድር ቤት ያለው ማኔጅድ ስዊች ይህን ሊያቆም ይችል ነበር፤ መከላከያው ግን ጠፍቶ ነው የኖረው። እናንተ ጋ እንዳይደርስ እንዲህ አድርጉ።

ስፓኒንግ ትሪ የሚለውን፣ ቀለበት የሚሠራውን መስመር ለይቶ የሚዘጋውን ዘዴ፣ ፈልጉና አብሩት፤ ዓይነቱን ፈጣኑን፣ ማለትም አርኤስቲፒ የሚባለውን ምረጡ። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1985 የፈጠረችው ራዲያ ፐርልማን የምትባል መሐንዲስ ናት፤ ፈጣኑ ዓይነት በ2001 ወጣ። ልዩነቱ በሰዓት ይታያል፦ በድሮው አንድ ፖርት ሥራ እስኪጀምር 30 ሰከንድ ይቆያል፤ ኮምፒውተሩ በዚያ መካከል አድራሻ ለምኖ ሳያገኝ ይቀራል።

ቀጥሎ ዋናውን ስዊች «ሥር» (ሩት)፣ ማለትም የመንገዶቹ ሁሉ መነሻ፣ አድርጉት። ስዊቾች ከፋብሪካ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ የቅድሚያ ቁጥራቸው 32768 ነው፤ እኩል ሲሆኑ አነስተኛ የማክ አድራሻ (ከፋብሪካ የተሰጠ መለያ ቁጥር) ያለው ይመረጣል። ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ አሮጌው ነው። እናም የሕንጻው ትራፊክ መንገድ ሁሉ የሚለካው ጥግ ላይ ከተጣለው አሮጌ ስዊች ይሆናል። የዋናውን ቁጥር 4096 አድርጉ፣ አነስተኛው ያሸንፋል።

የኮምፒውተርና የፕሪንተር ፖርቶችን ኤጅ ፖርት (ሌላ ስዊች የማይሰካበት የመጨረሻ ፖርት) አድርጉ፤ ወዲያው ሥራ ይጀምራሉ። በእነዚሁ ላይ ቢፒዲዩ ጋርድን (የስፓኒንግ ትሪ መልእክት ከመጣበት ፖርቱን የሚዘጋውን) አብሩ። ተራ ስዊች የተሰካበት ፖርት ላይ ደግሞ ሉፕ ዲቴክሽን የሚባለውን ጨምሩ፤ የዚያን ቀን ጉድ በዚያ አንድ ፖርት ብቻ ተወስኖ ይቀር ነበር። ስቶርም ኮንትሮልም አለ፤ ብሮድካስት (ለሁሉም የሚላክ መልእክት) ከፖርቱ አቅም ከ5 በመቶ እንዳያልፍ በማለት ልትጀምሩ ትችላላችሁ።

ከዚያ ሞክሩት። ማታ፣ ሰው ሲወጣ፣ ራሳችሁ ሆን ብላችሁ ሉፕ ሥሩ። ስዊቹ ፖርቱን ዘግቶ ሌላው ሕንጻ ሥራውን ከቀጠለ ሴቭ አድርጉ።

ቪላን፦ ኔትወርኩን መክፈል

የባቲን የሰኞ ገበያ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ግመል ሻጩም፣ እህል ሻጩም፣ ልብስ ሻጩም በአንድ ሜዳ ላይ በአንድ ጊዜ ቢጮሁ ማን ማንን ይሰማል? ለዚህ ነው የግመሉ ተራ ለብቻ፣ የእህሉ ተራ ለብቻ የሆነው። ያልተከፈለ ኔትወርክ ላይ እያንዳንዱ ስልክ፣ ካሜራና ፕሪንተር የሚልከው ብሮድካስት ሁሉም ዘንድ ይደርሳል። ቪላን ተራ መለየት ነው።

አንድ ሦስት ፎቅ ያለው ኮሌጅ እናስብ። እንዲህ እከፍለዋለሁ፦ ቪላን 10 ሂሳብና ሬጅስትራር ከነሰርቨራቸው፣ 20 የቢሮ ኮምፒውተሮች፣ 30 የተማሪና የእንግዳ ዋይፋይ፣ 40 ካሜራዎች፣ 99 የስዊቾቹ ማስተዳደሪያ። ቁጥሩ እስከ 4094 ይሄዳል፣ ግን ለዚህ ሕንጻ አምስት ይበቃል። ከዚህ በላይ የሚከፋፍል ሰው በስድስተኛው ወር ራሱም አያስታውሰውም።

ወረቀት ላይ ሳታሰፍሩ አትጀምሩ። ፖርት 1 ወዴት ይሄዳል፣ ፖርት 2 ወዴት፣ እስከ 24 ድረስ። ከዚያ ቪላኖቹን በሁሉም ስዊቾች ላይ ፍጠሩ። አንድ ኮምፒውተር ብቻ የሚሰካበት ፖርት አክሰስ ይባላል፤ በአንድ ቪላን ውስጥ አንታግድ (የቪላን ቁጥር ሳይለጠፍበት) ሆኖ ይገባል፣ ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ወደየትኛው ቪላን እንደሚገባ የሚወስነው የፖርቱ ፒቪአይዲ ቁጥርም ያው መሆን አለበት። በርካሾቹ ስዊቾች ላይ ይህን ሁለተኛውን ቁጥር መርሳት የተለመደ ስህተት ነው፦ አባልነቱ 20 ተብሎ ፒቪአይዲው 1 ላይ ይቀራል፣ ኮምፒውተሩም ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል። ስዊችን ከስዊች የሚያገናኘው ፖርት ደግሞ ትራንክ ነው፤ ሁሉንም ቪላኖች ታግድ አድርጎ፣ ማለትም የየቪላኑን ቁጥር ለጥፎ፣ ያሳልፋል። ዋይፋይ አክሰስ ፖይንቱም ሁለት ስም የሚያሰራጭ ከሆነ ትራንክ ያስፈልገዋል።

ላፕቶፓችሁ የተሰካበትን ፖርት በመጨረሻ ቀይሩ። ከዚያ በፊት አንድ ፖርት፣ ለምሳሌ 24ን፣ በቪላን 99 ውስጥ አድርጋችሁ ከዚያ መግባት መቻላችሁን አረጋግጡ።

አንድ ነገር ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ከአንድ ቪላን ወደ ሌላው የሚሄድ ሁሉ በራውተር ወይም በሌየር 3 ስዊች (የራውተር ሥራም በሚሠራ ስዊች) በኩል ነው የሚያልፈው። የራውተሩ ፖርት 100 ሜጋቢት ከሆነ፣ ሰርቨሩን ከተጠቃሚዎቹ በቪላን ለይታችሁ ካስቀመጣችሁት ኔትወርኩ ከበፊቱ ይብሳል። ሰርቨርን ከሚጠቀሙበት ሰዎች ጋር አንድ ቪላን ውስጥ ያደረግኩት ለዚህ ነው። የካሜራ መቅጃውም እንዲሁ ከካሜራዎቹ ጋር 40 ውስጥ ይሁን።

ያልተጋበዘ ራውተር

አንድ ሠራተኛ ቢሮው ዋይፋይ አልደርሰው ሲል ከቤቱ ራውተር አምጥቶ ይሰካል። ኬብሉ የገባው በላን ቀዳዳው ከሆነ ያ ራውተር ለሕንጻው ሁሉ አድራሻ ማደል ይጀምራል። ግማሹ ሰው ትክክለኛውን አድራሻ ያገኛል፣ ግማሹ የተሳሳተውን፤ የአንዱ ይሠራል፣ የጎረቤቱ አይሠራም። መድኃኒቱ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ነው፤ ካልተፈቀደለት ፖርት አድራሻ እንዳይታደል ያግዳል። አብሩትና ወደ እውነተኛው ራውተር የሚወስዱትን ፖርቶች ብቻ ትረስትድ (የታመኑ) አድርጉ። ትራንኮቹን አትርሱ፤ ከተረሱ ማንም አድራሻ አያገኝም።

ቅድሚያ፣ ሁለት መስመርና ሌሎች

ኪው.ኦ.ኤስ፣ ማለትም ለተመረጠ ትራፊክ ቅድሚያ መስጠት፣ ፍጥነት አይጨምርም። የሐረጎን ዳገት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፦ መንገዱ ያው ነው፣ ከባድ መኪናዎቹም ያው ናቸው፤ አምቡላንሱ ግን ቅድሚያ ያገኛል። ስለዚህ የሚጠቅመው መጨናነቅ ባለበት ብቻ ነው። የአይፒ ስልክ ካላችሁ የድምፁን ትራፊክ፣ ብዙ ጊዜ ዲኤስሲፒ 46 ምልክት ያለውን፣ ከፍተኛው ወረፋ ውስጥ አስገቡ። ከ0 እስከ 7 ያሉትን ደረጃዎች ሁሉ መሙላት አያስፈልግም፤ ድምፅ፣ ሥራ፣ እንግዳ ብላችሁ በሦስት ተዉት። ጠባቡ ቦታ የኢንተርኔቱ መግቢያ ከሆነ ግን ስዊቹ ምንም አይረዳም፤ ቅድሚያውን ራውተሩ ላይ ሥሩ። የእንግዳ ዋይፋዩን ፍጥነት በየፖርቱ መገደብ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ያመጣል።

ሁለት ስዊቾችን በሁለት ኬብል አስተሳስሮ አቅም ማሳደግ ኤልኤሲፒ ይባላል። በሁለቱም ስዊቾች ላይ አስቀድማችሁ አስተካክሉ፣ ሁለተኛውን ኬብል በመጨረሻ ስኩ፤ ካልሆነ ሉፕ ነው የምትሠሩት። አንድ ሰው አንድ ፋይል ሲቀዳ እጥፍ ፍጥነት አይጠብቅ፤ አንድ ግንኙነት በአንድ ኬብል ብቻ ይሄዳል። ጥቅሙ ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ሲሠራ ነው።

አይጂኤምፒ ስኑፒንግ፣ ቪዲዮውን ለጠየቁት ፖርቶች ብቻ የሚያደርሰው፣ በመልቲካስት (አንዱን ለብዙ ተቀባይ በሚልክ) ቪዲዮ ለምትሠሩ፣ ለምሳሌ የሆቴል ቴሌቪዥን፣ ያስፈልጋል፤ አንዱ መሣሪያ ኩዌሪየር (ማን ቪዲዮውን እንደሚፈልግ የሚጠይቅ) መሆኑን አረጋግጡ። ጃምቦ ፍሬምን (ከተለመደው የሚበልጥ ፍሬም) አትንኩ። መንገዱ ላይ ያለው መሣሪያ ሁሉ እኩል 9000 ካልተባለ ጥቅም ሳይሆን ለማግኘት የሚያስቸግር ብልሽት ነው የሚሆነው።

መብራትና መብረቅ

ክረምት ላይ ጦሳ ተራራ ራስ ላይ ደመናው ሲጠቁር ደሴ ውስጥ ስንት ስዊች እንደሚቃጠል ጠጋኝ ያውቃል። ከሕንጻ ወደ ሕንጻ በግቢ ላይ የተዘረጋ የመዳብ ኬብል መብረቁ የሚያስነሳውን ኃይል ወደ ፖርቱ ያመጣል። በሁለት ሕንጻዎች መካከል ፋይበር አድርጉ፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ማኔጅድ ስዊቾች አብዛኞቹ ለዚህ የኤስኤፍፒ ቀዳዳ አላቸው፤ ባዶውን አቧራ ሲጠጣ አይቻለሁ። ካቢኔውን ከምድር ሽቦ ጋር አገናኙ። ዩፒኤሱን ለሰርቨሩ ብቻ አታድርጉ፤ ዋናው ስዊችና ራውተሩም ይሰኩበት።

በመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት ጠብቁና ብሬከሩን ራሳችሁ አውርዱት። ሁለት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት፣ ሰዓት ያዙ። ቪላኖቹ በቦታቸው አሉ? ሥሩ ዋናው ስዊች ነው? ካሜራው ይቀዳል? የመጀመሪያውን ቀን ፋይል እንደገና ከየፎቁ ቅዱና ቁጥሩን ከድሮው ጎን ጻፉ። አዲሱን ኮንፊገሬሽን በፋይል አውጥታችሁ ሁለት ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፤ ፓስወርድ ስላለበት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትልቀቁት። የፖርቶቹን ዝርዝር የያዘውን ወረቀት ደግሞ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ከካቢኔው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉት፣ የተስተካከለበትን ቀን ከሥሩ ጽፋችሁ።